ሳቢያን በኩል ያለው የኪራይ መጋዘን ማስፋፊያ፦ ጣሪያው ተለክቷል፣ ግቢው ይቀረዋል

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ሳቢያን በተባለው ሰፈር በኩል ካሉት የኪራይ መጋዘኖች አንዱ ሊሰፋ ነው፤ ንድፉም ለተከራዮችና ለአካባቢው ነዋሪ ለአስተያየት ቀርቧል። ገና ያልጸደቀ ወረቀት ስለሆነ የድርጅቱን ስም ትተን ሥራውን ብቻ እንመዝናለን። ይህ ግምገማ የሚጠቅመው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ ለስንዴ፣ ለስኳር፣ ለዘይት ወይም ለሲሚንቶ ቦታ ቀድሞ ለመያዝ የሚያስብ ነጋዴ፣ እና ከአጥሩ ማዶ የሚኖር ጎረቤት። የሁለቱ ጥቅም የሚጋጭ ይመስላል እንጂ ንድፉን ገለጥ አድርጎ ላየው የሁለቱም ራስ ምታት አንድ ነው።

መጀመሪያ ምን ሊሠራ እንደታሰበ እንይ። ግቢው 75 በ93 ሜትር፣ ወደ 7,000 ካሬ ይጠጋል። አሁን 20 በ40 የሆኑ ሁለት መጋዘኖች አሉበት። የሚጨመረው 30 በ50 የሆነ፣ የግድግዳው ቁመት 8 ሜትር የሚደርስ የብረት መጋዘን፣ የኋላውን አጥር ተከትለው የሚሰለፉ 3 በ4 የሆኑ 24 ትንንሽ ክፍሎች፣ እና በኮንክሪት የሚነጠፍ ግቢ ነው። ሲጠናቀቅ ከአሮጌው ጋር 3,388 ካሬ ጣሪያ ሥር ይገባል። ከግቢው ግማሹ ሊሸፈን ጥቂት ነው የቀረው።

ለሚቸኩል ፍርዱ ይሄ ነው፦ የትልቁ መጋዘን አጥንት ጥሩ ነው፤ ትንንሾቹ ክፍሎች ከአንድ ጉድለት በቀር ድሬ ላይ የጎደለ አገልግሎት ናቸው፤ ግቢው ግን ገና አልታሰበበትም። ባለንብረቱ የለካው የሚከራየውን ካሬ ነው። መኪናው የሚዞርበትንና ውሃው የሚወጣበትን ማንም ቁጭ ብሎ አላሰላውም። አሁን ባለበት ቢሠራ ቦታ ለመያዝ አንመክርም፤ ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው አራት አምስት ነገሮች ከተስተካከሉ ግን ቀብድ ቢከፈልበት የሚያስቆጭ አይደለም።

መጋዘን ድሬ ላይ እንደሚያስፈልግ የሚከራከር የለም። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩን ተከትላ የተቆረቆረች፣ በዕቃ መተላለፊያነት የኖረች ናት። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ተመርቋል፤ ደረቅ ወደቡ አለ፤ መልካ ጀብዱ ላይ የተሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክም በነሐሴ 2014 ነጻ የንግድ ቀጠና ሆኗል። እነዚህ ሁሉ ዕቃ የሚያመጡት በኮንቴነር ነው። የከተማዋ ገበያዎች፣ የቀፊራና የታይዋን ነጋዴ ግን የሚያወጣው በአይሱዙ፣ ሲያንስም በባጃጅ ነው። ከባጃጅ እስከ ባለ 40 ጫማ ኮንቴነር ያለውን ሁሉ በአንድ በር የሚያስተናግድ ግቢ መንደፍ ቀላል አይደለም፤ ይሄ ንድፍ የተደናቀፈውም እዚያው ላይ ነው።

ማስታወቂያው አዲሱ መጋዘን «50,000 ኩንታል ይይዛል» ይላል። አይይዝም። ከ1,500 ካሬው ላይ ከግድግዳ ዙሪያ የሚተወው 1 ሜትር፣ በክምር መካከል ያለው መተላለፊያ፣ የበሮች ፊት ለፊትና የሚዛን ቦታ ሲቀነስ ለክምር የሚተርፈው 70 በመቶ፣ ማለትም 1,050 ካሬ ገደማ ነው። በማዳበሪያ የታሸገ ስንዴ ሲከመር ለአንድ ቶን 1.4 ሜትር ኩብ ያህል ይፈልጋል። 4 ሜትር ከፍታ ቢከመር 4,200 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህም 3,000 ቶን ወይም 30,000 ኩንታል ነው። የተባለውን 50,000 ለማስገባት ክምሩ ከ6.5 ሜትር ማለፍ አለበት። ያን ያህል ከፍታ በወዛደር ትከሻ አይደረስም። ቢደረስም የፕላስቲኩ ማዳበሪያ እንደ ጆንያ እርስ በርሱ አይያያዝም፤ ያንሸራትታል። ታች ያለ አንድ ከረጢት በአይጥ ተበልቶ ሲተነፍስ ያ ክምር በሙሉ ወደ መተላለፊያው ይመጣል።

ከግድግዳ የሚተወውን 1 ሜትር «የባከነ ቦታ ነው» ብሎ የሚከራከር ባለመጋዘን ሞልቷል። የዚህ መጋዘን ግድግዳ እስከ 3 ሜትር ከፍታ ድረስ ባለ 20 ሳንቲሜትር ብሎኬት፣ ከዚያ በላይ ቆርቆሮ ነው። ክምር የተደገፈበት ብሎኬት ወደ ውጭ ይገፋል፤ መጀመሪያ የሚታየው በሁለት ምሰሶ መሃል አግድም የሚሄድ ስንጥቅ ነው። ደግሞም በዚያ 1 ሜትር ውስጥ ሰው ካላለፈ ነቀዝና አይጥ የሚያይ ዓይን የለም። ንድፉ ላይ ቢጫ መስመር በወለሉ ዙሪያ እንዲሰመር ተጽፏል፤ ይሄ ጥሩ ነው፣ ይያዝልን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የሥዕሉን ሁለተኛ ገጽና አራተኛ ገጽ ጎን ለጎን ይዞ ያነበበ ሰው ያለ አይመስልም። የመንገዱ መሃል ዜሮ ተብሎ ተይዟል። ግቢው ከዚያ 40 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል፤ መንገዱ በተደረበ ቁጥር ከፍ እያለ፣ ግቢው ባለበት ቀርቷል። አራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ የአዲሱ መጋዘን ወለል «ከግቢው 30 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል» ይላል። ሁለቱ ሲቀናነሱ ወለሉ ከመንገዱ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ቁጭ ይላል። በሌላ አነጋገር መንገዱ ላይ ውሃ ሲቆም መጀመሪያ የሚገባው ስንዴው ዘንድ ነው።

ድሬ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍ የመጣው ከላይ፣ ከደጋው ነው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ወንዙ ሊመጣ ይችላል። ይህ ግቢ ከደቻቱ ራቅ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን አሸዋማው የድሬ መሬት ላይ በየመንገዱ የሚወርደው ውሃ ወንዝ መሆን አያስፈልገውም። 15 ሳንቲሜትር ውሃ ለአንድ ሌሊት የቆመበት መጋዘን የታችኛውን ረድፍ ከረጢት በሙሉ ያጣል። የታችኛው ረድፍ ሲበሰብስ ደግሞ የላይኛው ይናዳል።

መፍትሔው መጋዘኑን ብቻ ማንሳት አይደለም። ወለሉን ብቻ ከመንገዱ 30 ሳንቲሜትር ከፍ እናድርግ ቢባል ከግቢው 70 ሳንቲሜትር ይበልጣል፤ ዕቃ አንሺው ፎርክሊፍት በደህና የሚወጣው ለ1 ሜትር ከፍታ 10 ሜትር ርዝመት ያለው ዳገት ስለሆነ 7 ሜትር ዳገት ይጠይቃል፤ በሮቹ ፊት ያለው መተላለፊያ ደግሞ 12 ሜትር ብቻ ነው። የሚያዋጣው ግቢውን ራሱን 30 ሳንቲሜትር መሙላት ነው። ያኔ ወለሉ ከግቢው 40 ሳንቲሜትር ይሆናል፣ ዳገቱም 4 ሜትር። ጣሪያ የሌለው 3,600 ካሬ በ30 ሳንቲሜትር ሲሞላ 1,080 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ሲጠቀጠቅ የሚቀንሰው ታክሎ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ወደ 85 ጭነት ሰሌክት ማቴሪያል (ለሙሌት የተመረጠ አፈር) ይጠይቃል። ወጪው ቀላል አይደለም። አንድ የረጠበ ወቅት ከሚያጠፋው ንብረት ጋር ሲመዘን ግን ክርክር አያስነሳም።

ጎረቤት የሚገባበትም እዚህ ላይ ነው። ግቢው ሲሞላ ድሮ እዚያ የሚቆመው ውሃ ከአጥር ማዶ ይሄዳል። ንድፉ ለዚህ ያስቀመጠው አንድ ባለ 60 ሳንቲሜትር የኮንክሪት ቱቦ ነው፣ በበሩ ሥር የሚያልፍ። በወረቀት ላይ ቱቦው ይበቃል፦ በ1 በመቶ ተዳፋት በሰከንድ 600 ሊትር ያህል ያሳልፋል። የድሬ ውሃ ግን ብቻውን አይመጣም፤ አሸዋውን ይዞ ነው። ሁለት ክረምት ያልተጠረገ ቱቦ እስከ ግማሹ ይሞላል፣ ውስጡ ገብቶ የሚጠርገው ደግሞ የለም። በምትኩ ግቢውን ዙሪያውን የሚከብ፣ 50 በ60 ሳንቲሜትር የሆነ ቦይ፣ በሰው እጅ የሚነሳ የኮንክሪት ክዳን ያለው ይሠራ። መኪና በሚያልፍበት ላይ ብቻ የብረት ፍርግርግ ይደረግበት። አካፋ የማይገባበት የውሃ መውረጃ ድሬ ላይ ዕድሜ የለውም።

ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ ለመገመት ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም። በአንድ ኃይለኛ ዝናብ 50 ሚሊሜትር ቢወርድ አዲሱ መጋዘንና ትንንሾቹ ክፍሎች ብቻ ወደ 90 ሜትር ኩብ ውሃ ይጥላሉ፤ 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ ዘጠኝ ጊዜ ተደፋ ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ወደ ቦዩ መውረድ ያለበት በጋተር (በጣሪያው ጠርዝ አሸንዳ) እና በመውረጃ ቱቦ ነው። እዚህ ላይ ንድፉ ክፉኛ ወድቋል።

አዲሱ መጋዘን ከሁለተኛው አሮጌ መጋዘን ጋር ጎን ለጎን ተጣብቆ ይሠራል፤ ሁለቱ ጣሪያዎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ የጋራ ጋተር ይተኛል። ከአዲሱ ጣሪያ ግማሹ፣ 15 በ50፣ 750 ካሬ ወደዚያ ያፈስሳል። ከአሮጌው ደግሞ 10 በ40፣ 400 ካሬ። ባለሙያ በልምድ የሚይዘው ስሌት ለ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ 1 ካሬ ሳንቲሜትር የቱቦ አፍ ነው፤ ስለዚህ 1,150 ካሬ ሳንቲሜትር ያስፈልጋል። የተሳሉት ሦስት ባለ 11 ሳንቲሜትር ቱቦዎች ናቸው፤ የአንዱ አፍ 95፣ የሦስቱ 285 ካሬ ሳንቲሜትር። ከሚያስፈልገው ሩብ። ባለ 15 ሳንቲሜትር ቱቦ ቢሆን ሰባት ይፈልጋል። የጎን ጋተር ሲሞላ ውሃው ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ግድግዳ ያርሳል፣ ያልፋል። የመሃል ጋተር ሲሞላ ግን መሄጃው ወደ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከአቧራው ጋር የተጠራቀመ ቅጠልና ላባ ሲጨመርበት የሚፈስሰው ቀጥታ ክምሩ አናት ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን አለያዩ። አዲሱ መጋዘን በወርዱ 3 ሜትር ቢጠብና 27 በ50 ቢሆን የሚጠፋው 150 ካሬ፣ ማለትም 3,000 ኩንታል ገደማ ነው። በምላሹ የጋራ ጋተር ይቀራል፤ አንዱ መጋዘን ሲቃጠል ሌላው ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ይተርፋል፤ የአሮጌውን መሠረት አጠገቡ ቆፍሮ ማናጋትም አይኖርም። ባለንብረቱ በዚህ አንድ ነጥብ ላይ እሺ ቢል ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይበልጥ ደስ ይለናል።

ወደ መኪናው እንምጣ። ስንዴ የጫነ ከባድ መኪና ከነተሳቢው 400 ኩንታል ያህል ይዞ ይመጣል፤ ርዝመቱ 18 ሜትር ይጠጋል። ሲያራግፍ የጎን ሳንቃው ተከፍቶ ጫኝና አውራጅ በጎን ነው የሚያወርደው። ለዚህ 12 ሜትሩ መተላለፊያ ይበቃዋል፦ መኪናው 2.5 ሜትር ወርድ ይዞ ከበሩ ጎን ለጎን ይቆማል፣ ሰው በሁለቱም በኩል ይሠራል። ኮንቴነር ግን የሚከፈተው ከኋላ ብቻ ነው። ከፊቱ ጋር 16 ሜትር ተኩል የሚሆን ኮንቴነር የጫነ መኪና ኋላውን ለበሩ ሰጥቶ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከበሩ ፊት የራሱ ርዝመት እጥፍ፣ 33 ሜትር ያህል ባዶ ሜዳ ይፈልጋል። በ12 ሜትር ውስጥ አይገባም። ከዚያ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ኮንቴነሩ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ዕቃው በእጅ ጋሪ ይመላለሳል፣ ተከራዩ ለወዛደር ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ ሰፈሩም መንገዱ ይዘጋበታል።

የሚገርመው ቦታው አለ። ከአዲሱ መጋዘን ጎን፣ በመግቢያው በር በኩል፣ 25 ሜትር ወርድ ያለው ግቢ ባዶ ተትቷል፤ ሥዕሉ ላይ «የቤት መኪና ማቆሚያ» ተብሎ። ለአስር ቪትዝ! ከአራቱ የመጋዘን በሮች ሁለቱን ከመተላለፊያው አንስቶ ወደዚያ ጎን ማዞርና የመቆሚያውን መስመር 45 ዲግሪ አዘንብሎ ማስመር ይበቃል፤ አዘንብሎ የሚቆም መኪና የሚፈልገው ሜዳ ከቀጥታው በሲሶ ገደማ ያንሳል። ሁለቱ በሮች ለኮንቴነር፣ ሁለቱ ለእህል መኪና ይሆናሉ። የቤት መኪናው ውጭ ጥላ ፈልጎ ይቁም።

የዋናው በር ስፋት 5 ሜትር ተብሏል። ቀጥ ብሎ ለሚገባ ይበቃል፤ ከ10 ሜትር መንገድ ላይ ታጥፎ ለሚገባ ግን አይበቃም፤ የተሳቢው የኋላ ጎማ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ስለሚቆርጥ የበሩን ምሰሶ ይመታዋል። 8 ሜትር ይሁን፣ በሩም ከመንገዱ 18 ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ፤ ዘበኛው ወረቀት እስኪያይ መኪናው አስፋልት ላይ ጭራውን ጥሎ አይቁም። የእሳት አደጋ መኪናም የሚገባው በዚሁ ነው።

ወረፋው ደግሞ አለ። ሰነዱ «በቀን 12 ከባድ መኪና ያስተናግዳል» ይላል። 400 ኩንታል 800 ከረጢት ነው። አስር ሰው ሳይታክት ቢሠራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ለእህል በተመደቡት ሁለት በሮች ከጠዋት እስከ ማታ ስድስት መኪና ቢራገፍ ጥሩ ነው። የቀሩት ስድስቱ የሚያድሩት መንገድ ላይ ነው፤ ጎረቤቱ ሌሊቱን የሞተር ድምፅና የሾፌር ምድጃ ጭስ ሲጠጣ ያድራል። ቁጥሩን ወደ ስድስት አውርዶ በቀጠሮ ማስገባት ለሁሉም ይሻላል፤ ቀጠሮ ያላት መኪና ውጭ አታድርም።

ስለ ወለሉ ጥቂት እንበል፤ ድሬ ላይ ብዙ አዲስ መጋዘን በመጀመሪያው ዓመት የሚያረጀው በወለሉ ነው። ንድፉ 10 ሳንቲሜትር ኮንክሪት ይላል። ለክምሩ ብቻ ቢሆን ያስኬድ ነበር፤ 4 ሜትር የተከመረ ስንዴ በካሬ ወደ 2.9 ቶን፣ በአስር ረድፍ የተከመረ ሲሚንቶ ወደ 2 ቶን ነው የሚጫነው። ባለ 3 ቶን ፎርክሊፍት ግን ጭነቱን ሲያነሳ ራሱ ከነጭነቱ ያለው ክብደት አብዛኛው በፊት ሁለት ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ በመዳፍ በምታህል ቦታ ላይ። የጥንካሬ ደረጃው ሲ-25 የሆነ 15 ሳንቲሜትር ኮንክሪት ከነፍርግርግ ብረቱ፣ ከሥሩ የተጠቀጠቀ 25 ሳንቲሜትር ሃርድኮር ድንጋይ፣ በየ4 ሜትር ተኩል የተቆረጠ መገጣጠሚያ ያስፈልጋል። መገጣጠሚያው ካልተቆረጠ ወለሉ በራሱ ፈቃድ ይቆርጠዋል።

ሙቀቱ ሌላው ጠላት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀን 35 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ እኩለ ቀን ላይ የፈሰሰ ኮንክሪት ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ይደርቃል፤ ገና ሳይጠነክር እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል፣ ከዚያ ዕድሜ ልኩን ዱቄት ይተፋል። ያ ዱቄት ከረጢቱ ላይ፣ ካርቶኑ ላይ፣ የወዛደሩ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ወለሉ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ሲበርድ ይፍሰስ፣ ጆንያ ይልበስ፣ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ሰነዱ ስለዚህ አንድ ቃል አይልም፤ ውሉ ላይ መግባት አለበት።

ጣሪያው ነጭ ቀለም ያለው ቆርቆሮ መሆኑ፣ አናቱ ላይ አየር የሚያስወጣ ክፍተት መተዉና ከታች ወንፊት ያላቸው የአየር መግቢያዎች መኖራቸው የሚመሰገን ነው። ብርሃን የሚያስገቡት የፕላስቲክ ቆርቆሮዎች ግን ከመተላለፊያው በላይ እንጂ ከክምሩ በላይ አይሁኑ፤ ፀሐይ አንድ ቦታ ላይ ስትወድቅ ዘይቱ ይነፍራል፣ የሳሙናው ካርቶን ይልፈሰፈሳል። እንዲህም ሆኖ ይሄ ለሁሉም ዕቃ የሚሆን መጋዘን አይደለም። ስንዴ፣ ስኳር፣ ሲሚንቶ፣ ብረታ ብረት፣ ጨርቃ ጨርቅ ይቀመጥበታል። መድኃኒት አይቀመጥበትም፤ ከ30 ዲግሪ በታች መያዝ ለሚያስፈልገው ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ክፍል የለውም። ሽንኩርትና ድንችም አየር ይፈልጋሉ። ቡና ላስቀምጥ የሚል ደግሞ አጠገቡ ማን እንዳለ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ቡና የሳሙናን፣ የቅመምንና የነዳጅን ሽታ ስለሚጠጣ የተበላሸው በመቅመሻው ስኒ ላይ ነው የሚታወቀው። (ጫት የሚነግድ ይሄን ሁሉ ማንበብ አያስፈልገውም፤ የእሱ መጋዘን መኪናው ነው።)

24ቱ ትንንሽ ክፍሎች የንድፉ ምርጥ ሐሳብ ናቸው። እቤቱ ሳሎን ውስጥ ካርቶን የሚደረድር ነጋዴ 12 ካሬ ቆልፎ ዕቃውን ሊያስገባ ይችላል፤ ባጃጅም በሩ ድረስ ይደርስለታል። ጉድለቱ ሴክሽኑ (ሕንፃውን ቆርጦ ከጎን የሚያሳየው ሥዕል) ላይ ነው ያለው፦ ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ 3 ሜትር ላይ ይቆማል፣ ጣሪያው 3.60 ላይ ነው። መሃል ያለው 60 ሳንቲሜትር ክፍት ነው። ሰባት ቁጥርን የተከራየ ሰው በርሜል ላይ ቢቆም ስምንት ቁጥር ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ምንም ቢከብድ ለታይታ ነው። እሳትም በዚያው ያልፋል። ብሎኬቱ እስከ ቆርቆሮው ይውጣና ጫፉ በስሚንቶ ይደፈን። ለእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ረድፍ ብሎኬት ቢጨመር ነው፣ ከአቅም በላይ የሆነ ወጪ አይደለም። አየሩ በበሩ በላይና በታች በሚተው ወንፊት ይግባ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ከባድ ነገር አለ። እህል ያለበት መጋዘን በፎስፊን ጋዝ ይታጠናል፤ ለአንድ ቶን 2 ወይም 3 ክኒን፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ ጠርዙ በአሸዋ ከረጢት ተይዞ፣ ብዙውን ጊዜ ለ7 ቀን። ጋዙ ሰው ይገድላል። ከመጋዘኑ በር እስከ ትንንሾቹ ክፍሎች ደግሞ 12 ሜትር ነው፤ ነጋዴው ቀኑን ሙሉ ይገባል፣ ይወጣል። በሚታጠንባቸው ቀናትና ሸራው ተነሥቶ አየር እስኪያገኝ ክፍሎቹ መዘጋት አለባቸው፤ የሚዘጉበት ቀን ከአንድ ሳምንት በፊት በጽሑፍ ሊነገር፣ የዚያ ቀን ኪራይም ሊቀነስ ይገባል። ክኒኑ ውሃ ሲነካው በአንዴ ጋዙን ይለቃል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ያ የመሃል ጋተር ለምን እንዳሳሰበን አሁን ይገባችኋል።

የከተማዋ ዋና የውሃ ጉድጓዶች ያሉት ሳቢያን መሆኑም አይረሳ። ግቢው ጸረ ተባይ፣ የተቃጠለ ዘይት ወይም ነዳጅ በበርሜል ሊያከራይ ካሰበ ወለሉ ዙሪያውን 15 ሳንቲሜትር ከፍታ ባለው ግንብ የተከበበ የተለየ ክፍል ያስፈልገዋል። ንድፉ ላይ የለም። ከሌለ እንደማይቀበል በግልጽ ይጻፍ።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ በቀድሞው የሕንፃ አዋጅ 624/2001 አመዳደብ በምሰሶዎቹ መሃል 7 ሜትር የሚያልፍ ስፋት ያለው ሕንፃ ቢያንስ ምድብ «ለ» ነበር። አናቱ አሁን 10.25 ሜትር ነው። ባለንብረቱ ለመደርደሪያ ብሎ ግድግዳውን ወደ 10 ሜትር አነሳለሁ ማለቱ ተሰምቷል፤ ያኔ አናቱ 12.25 ይደርሳል፣ በዚያ አመዳደብ 12 ሜትርን ያለፈ ደግሞ ምድብ «ሐ» ነበር፤ የሚጠየቀው ባለሙያም የሚያስፈልገው ቁጥጥርም ይከብድ ነበር። አሁን ምድቡ የትኛው እንደሆነና የፕላን ስምምነት የተሰጠው በስንት ሜትር እንደሆነ ጠይቁ።

ውል ለምትፈርሙ፦ ኪራዩ በካሬ ይሁን በኩንታል፣ በካሬ ከሆነ መተላለፊያው ይቆጠር እንደሆነ፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መሆኑን፣ የማውረጃውን ማን እንደሚከፍል፣ ዕቃው በውሃ ሲበላሽ ተጠያቂው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ያዙ። «ጥበቃ አለ» ማለትና መድን አለ ማለት ለየቅል ናቸው።

የሥራ መርሐ ግብሩ የመሠረት ቁፋሮውን ግንቦት ላይ ይጀምራል። እንደዚያ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ጉድጓዱን ክፍት ሆኖ ያገኙታል፤ ከሁለተኛው መጋዘን መሠረት ጎን 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ይቆማል። ጥቅምት ላይ ቢጀመር ግን የመጋቢቱ ዝናብ ሳይመጣ ጣሪያው ሊከደን ይችላል። አሁን በሁለተኛው መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያላችሁ ውል ስታድሱ ቁፋሮው የሚጀመርበት ወርና በዚያ ጊዜ ዕቃችሁ የሚዛወርበት ቦታ ተጽፎ ካልገባ የስድስት ወር ቅድሚያ አትክፈሉ፤ በየወሩ ክፈሉ።